ለአንዴ ሳልል

በጉም ሰፈር ሰው ሲሞት የሚለቀሰው ሸራ እየታየ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ሸራው ፊት ለፊት ይወጠራል፣ ሐዘንተኛው ቀና ብሎ ያነብባል። ቃሉ ከታች ይሄዳል፣ ምልክቱ ከላይ ይሄዳል። ሲቃ የሚባለው ምልክት ሲመጣ ድምፅ ይቆረጣል። ደረት የሚባለው ሲመጣ ድምፅ ወደ ታች ይወርዳል። ተቀበሉ የሚባለው ሲመጣ ደግሞ ድንኳኑ በሙሉ የአልቃሿን ቃል መልሶ ይላል። ምልክት ከሌለ ዝም ነው። ክፋት አይደለም፤ ሰው በቃሉ ማልቀስ ከተወ ቆይቷል። እናቴ ያለ ሸራ ታለቅስ ነበር ይባላል። እኔ አልሰማኋትም፣ ወይም ሰምቼ ረስቻለሁ።

የእኔ ሥራ የምልክቶቹ መልክ ነው። ስንዱ እባላለሁ፣ የእድሩ መልክ አውጪ ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ለዚህ ሥራ ግን ፊደል መለየትና ግትርነት ይበቃል። ሰሌዳዬ ላይ እጽፋለሁ፣ ሸራው ይስላል። «ሲቃ፦ ቀለም፦ ሰማያዊ» ካልኩ ሲቃው ሰማያዊ ይሆናል። «ደረት፦ መጠን፦ ትልቅ» ካልኩ ያድጋል። በጣት የሚጎተት ነገር የለውም፣ የጻፍሽው ብቻ ነው የሚሆነው። ሳታስቢው የጻፍሽውም ይሆናል።

ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው ሁለት ቃል ላስረዳ። አንደኛው ስውር ነው። ምልክት እንዳይታይ ሲፈለግ «ይነሳ» ካልሽው ከነቦታው ይነሳል፣ ግራና ቀኙ ተጠጋግቶ ይዘጋዋል። «ስውር» ካልሽው ግን ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። አይታይም እንጂ አለ፤ ሸራውም እስኪያልፍ ድረስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ለአንዴ የሚለው ነው። ከትእዛዝ በፊት «ለአንዴ» ብለሽ ከጻፍሽ ትእዛዙ ለዚያ ምልክት ብቻ ይሠራና ይሞታል። ካልጻፍሽ አይሞትም። የእድሩ መልክ አንድ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ በሚመጣው ልቅሶ ሁሉ፣ በየድንኳኑ፣ ሰው እስኪሽረው ይኖራል።

ከሁሉ በላይ ያለው ደንብ ግን ይህ ነው፤ ቃል የሐዘንተኛ ነው፣ አይነካም። መልክ የእድሩ ነው።

የምንጠጣው ጉም ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ መረቦች ተወጥረዋል፣ የሚያልፈውን ጉም ይይዛሉ፣ ጠዋት በቧንቧ ውሃ ይወርዳል። መረቡም፣ ውሃውም፣ ድንኳኑም የእድሩ ነው። ቀበሌ የሚባለው ከተዘጋ ወዲህ ሌላ መንግሥት አናውቅም።

ከየውብዳር ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ልጇ ይርሳው የመረብ ሠራተኛ ነበር፤ በገመድ ታስሮ ገደሉን ወርዶ የተቀደደ መረብ ይሰፋል። በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ገመዱ አርጅቷል፣ ክሩ እየተተረተረ ነው ሲል እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሰብሳቢያችን ጋሽ መንበሩ ይታያል አሉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ተነሳ፣ ይታያል አሉ። ሰው ሳቀበት፣ «ገመድ ፈሪው» የሚል ስም ወጣለት። እኔም ሳቅሁ፣ ስሙ ይመጥነው ነበር፤ ቁመቱ እንደ ገመድ ረጅም ነበር። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጠዋት ገመዱ ተበጠሰ። መረቡን ሰፍቶ ጨርሶ ነበርና ውሃው በዚያም ቀን ወረደ። ሁላችንም ጠጣን።

ለሣልስቱ ቃሏን ልቀበል ሰሌዳዬን ይዤ ገባሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ከዋዜማው ሐዘንተኛ ቃሏን ትሰጣለች፣ እኔ ምልክቱን አስቀምጥበታለሁ። ስለ ቁመቱ ሰጠች፣ ስለ ጥርሱ ሰጠች፣ ሳያገባ ስለ መቅረቱ፣ ከደጅ ስለ ቀረ ጫማው። እነዚህን እናት ሁሉ ትላቸዋለች፤ ጣቴ ሳያስብ ይጽፋቸዋል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

ገመዱ አረጀ ብሎ ልጄ ነግሮ፣
ያልሰማው ያ ጆሮ ያለቅሳል ዛሬ አብሮ።

ጣቴ ቆመ።

«መሐል ላይ አድርጊልኝ፣ ሰው ሳይደክም» አለችኝ። «ተቀበሉን ደግሞ አድምቂው። ሌላው ቢደበዝዝ ግድ የለኝም።»

ለምን አላልኳትም፣ አውቀዋለሁ። በእድራችን ደንብ ድንኳን የተቀበለው ቃል የአንድ ሰው እንባ መሆኑ ይቀርና የሰፈር ጥያቄ ይሆናል። እሑድ ስብሰባ ላይ ይነሳል፣ የሚመለከተው ሰው በስሙ ተጠርቶ መልስ ይሰጥበታል። ድንኳን ያልተቀበለው ግን ልቅሶ ነው፣ ያልፋል። የውብዳር ይህን የፈለገችው ለሞተው ብቻ አልነበረም። የመረብ ሥራ ከቤት አይወጣም፤ የይርሳውን ቦታ እህቱ ትርፌ ልትይዝ ነው። ገመዱም ያው ገመድ ነው፣ የተበጠሰው ላይ ተቋጥሮ።

አደምቀዋለሁ አልኳት። ስላትም ከልቤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ መንበሩ ደጄ መጡ። አልገቡም፣ ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሰሌዳዬ ላይ የጻፍኩት የሐዘንተኛ ቃል፣ ትእዛዜ ባይሆንም፣ እሳቸውም ዘንድ እንደሚታይ የማላውቅ አልነበርኩም። ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቁኝ። ስለ ዝናቡ አወሩ። የመረብ ልጆች ቁጣቸው እንዳልበረደ፣ ዱላ ይዘው ሊመጡ እንደሚችሉ፣ ድንኳን ውስጥ ደም ከፈሰሰ ሰፈሩ እንደማይጠገን ነገሩኝ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ሰው እንደሚያስታምሙ።

«ቃል ንኪ አልልሽም» አሉ በመጨረሻ። «ቃል የሐዘንተኛ ነው። መልክ ግን ያንቺ ነው ስንዱ። አንቺን ደግሞ ማንም አያዝሽም፣ እኔም አላዝሽም። አስቢበት ብቻ።»

እኔ በግትርነቴ የምኮራ ሰው ነኝ። ባሌ በሕይወት ሳለ ስንዱን ከመግፋት ግድግዳ መግፋት ይቀላል ይል ነበር። ጋሽ መንበሩ አልገፉኝም፤ የወደቅሁትም ለዚህ ነው። ደም ይፈሳል ብዬ ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሰብሳቢው ደፌ ላይ ተቀምጠው መልክ ያንቺ ነው ማለታቸው ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ያቺ ቃል ያለችበት ቦታ ደርሼ «ተቀበሉ፦ እይታ፦ ስውር» ብዬ ጻፍኩ። ይነሳ አላልኩም። ይነሳ መቁረጥ ነው፣ ስውር ግን መሸፈን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ምልክቱ እኮ አለ፣ ቦታው ላይ ነው፣ ቃሉንም አልነካሁም። ሰው ለገዛ ልቡ ጠበቃ ሲቆም እንዴት ይራቀቃል። በዚህ ሁሉ መራቀቅ ውስጥ ከትእዛዙ ፊት «ለአንዴ» የሚለውን ሳልጽፍ ቀረሁ።

በሣልስቱ ሰው ሞላ። ጉሙ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እግር እግራችን ሥር ይሄዳል። የውብዳር ከፊት ቆመች። ስለ ቁመቱ አለች፣ ድንኳኑ ተቀበለ። ስለ ጥርሱ አለች፣ ተቀበለ። ከዚያ ያቺን አለች።

ቃሉ ሸራው ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከላዩ ባዶ ነው። ሸራውም እንደ ልማዱ የተሰወረውን ምልክት ቆሞ ጠበቀ። ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፈት አድርጎ ባዶውን ያያል። የመረብ ልጆች ከኋላ ቆመው ቃሉን ያነባሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ዱላም አልያዙም። ውጭ መረቡ ሲያንጠባጥብ ይሰማል። የውብዳር ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ ሰዉን ዞራ አየች፣ ሸራውን መልሳ አየች። ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ሳያገባ ስለ መቅረቱ አለች። ዝም።

ያኔ ነው የገባኝ። ለአንዴ አላልኩም። ስለ ጫማው አለች፣ ዝም። የቀረውን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው፣ ብቻዋን አለቀሰች። ሸራው በእያንዳንዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰው ቆሞ ያያል፣ እሷ ትቀጥላለች። ሰሌዳው ጭኔ ላይ ነበር። አንድ መስመር ብጽፍ ይመለስ ነበር። ጋሽ መንበሩ ከፊት ወንበር ዘወር ብለው አዩኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ደግ ሠራሽ እንደ ማለት። እጄን ከሰሌዳው ላይ አነሳሁ።

ነገ እሽረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ግን አንድ ሽማግሌ ሞቱና የእሳቸውም ልቅሶ እንደዚያው ሆነ። ልጆቻቸው በየተራ ተነስተው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አለቀሱ፣ ሰዉ እጁን አጣጥፎ አዳመጠ። ማንም ምን ጠፋ አላለም። ይልቁን ወደዱት። ጨዋ ልቅሶ ነው አሉ፣ ሰው ሰውን አይረብሽም አሉ። ጎረቤታችን ጥሩአየሁ እኔን መንገድ ላይ ይዛ አመሰገነችኝ፤ ድሮ ልቅሶ ውላ ስትመጣ ድምጿ ተዘግቶ ባሏን መሳደብ ያቅታት ነበር፣ አሁን ጉሮሮዋ አርፏል። ከታች ካለው ሰፈር እድር ሰው ተልኮ እንዴት እንዳደረግነው ጠየቀ። ጋሽ መንበሩ አዲስ ሥርዓት ነው ብለው መለሱ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ብመልሰው የት ነበር እባላለሁ፤ የት እንደነበር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ቀን የውብዳር ከአጥር ማዶ ጠራችኝ። ሐዘን ተቀምጣ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ሌላ ድንኳን አልገባችም።

«ስንዱ፣ ዓይኔ እኮ ጠፋ» አለችኝ። «ያን ዕለት ያደመቅሽልኝን ምልክት አላየሁትም። ቀድሜው ነው ወይ ዘግይቼ ነው፣ ሰዉን አሳሳትኩት መሰለኝ። አንቺ መቼም አድምቀሽዋል።»

እሷ የምትጠይቀኝ አልነበረም፣ ይቅርታ እየጠየቀችኝ ነበር። የሠራሁላትን ሥራ በዓይኗ ስላበላሸችብኝ።

ልቅሶ ዓይን ያደክማል አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያልኳት ይህንን ነው።

ከሰው መነጽር ተዋሰች። በደህና ዓይኗ ላይ የሰው መነጽር አድርጋ ደጃፏ ላይ ያለው ድንጋይ አደናቀፋት፣ ከዚያ በኋላ ትርፌ እጇን ይዛ ትመራት ጀመር። ጠዋት ጠዋት በመስኮት አያቸዋለሁ። ልጅቱ እናቷን እስከ ቧንቧው ታደርሳለች፣ ጀሪካኗን ትሞላላታለች፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ትሄዳለች። ገመዱ ትከሻዋ ላይ ተጠቅልሏል። ቋጠሮው ከእኔ መስኮት ይታያል፣ እንደ ጡጫ ወፍሮ። ስትወርድ አላይም፣ ቧንቧው ግን ሲንጎራጎር እሰማለሁ። አንድ ቀን ያንን ውሃ አልጠጣም ብዬ ዋልኩ። ሲመሽ ጠጣሁ።

ለአርባው ቃሏን ልቀበል ስገባ አንድ ብቻ ሰጠችኝ። ያንኑ። ትልቅ አድርጊው አለች፣ ለዚህች ለታወረች ሴት እንዲታይ። እየቀለደች ነበር፣ እኔም እንድስቅላት ቆየት ብላ ጠበቀችኝ። ሳቅሁላት።

ቤቴ ገብቼ ትእዛዙን ሻርኩ። «ተቀበሉ፦ እይታ፦ ይታይ» አልኩ። «ተቀበሉ፦ መጠን፦ ትልቅ» አልኩ። «ተቀበሉ፦ ቀለም፦ ቀይ» አልኩ። በስውር የሠራሁትን በስውር እመልሰዋለሁ፣ መናገር አያስፈልግም፣ ድንኳኑ ይቀበላል፣ ገመዱ ይጠየቃል፣ እኔም ከነገሩ እወጣለሁ ብዬ ነው።

የተዝካሩ ዕለት የውብዳር መነጽሯን አድርጋ፣ ትርፌን ተደግፋ ቆመች። ቃሏን አለች። ምልክቱ ወጣ፣ እንደ ፍም ቀልቶ፣ የሸራውን እኩሌታ ይዞ። በዓይነ ስውር በትር እንኳ የሚታወቅ ነው።

ድንኳኑ አየው። አልተቀበለም።

ያ አዲሱ ሥርዓት ሥር ሰዶ ኖሯል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፣ የስንዱ ስህተት ነው የሚል ሹክሹክታ ዞረ። ጥሩአየሁ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና «አጥፊው እንጂ፣ ያረጀው ምልክት ወጣብሽ» አለችኝ።

እኔ በሕይወቴ ድንኳን ውስጥ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። መልክ አውጪ ሰሌዳ ይይዛል እንጂ አያለቅስም። ተነስቼ ተቀበልኩ። ብቻዬን፣ ዘይት እንዳጣ በር በሚያንቋርር ድምፅ፣ ገመዱ አረጀ ብሎ ልጄ ነግሮ አልኩ። ልጄ የምትለዋ ቃል ላይ ተሰናከልኩ፤ ልጄ አይደለማ። ሁለተኛውን መስመር እንደምንም ጨረስኩት።

የውብዳር መነጽሩን አወለቀች። ሸራውን በባዶ ዓይኗ አየችው፣ ቀዩን ምልክት ከዳር እስከ ዳር።

«ዓይኔስ ደህና ነው» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አንቺ ነሽ ወይ አላለችኝም። ፊቴ ላይ ምልክት ፍለጋ አልተቸገረችም። ጋሽ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሰው ይቀመጥ አሉ፣ ማንም አልተቀመጠም። በተዝካር ሐዘንተኛ ቃል መጨመር ትችላለች፤ ሸራው ከአፏ እየሰማ ይጽፋል። የትርፌን እጅ ለቀቀችና ጨመረች፦

ቃሉንስ ሳትነካ መልኩን ያጠፋችው፣
ልጄን ሁለተኛ ከገደል ጣለችው።

ቃሉ ሸራው ላይ ወጥቶ ቆመ። አዲስ ቃል ነውና ከላዩ ገና ምልክት የለውም፤ ምልክት የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ዓይን እጄ ላይ ሆነ። ጋሽ መንበሩ ራሳቸውን በቀስታ ወዘወዙልኝ፣ አይሆንም። ለእኔ የተቆረቆሩ ይመስሉ ነበር፣ ፊታቸው ሐዘን ነበረበት። ባላስቀምጥ የአንዲት እናት ልቅሶ ሆኖ ያልፍ ነበር።

ተቀበሉን አስቀመጥኩ።

ድንኳኑ ተቀበለ። ከፊት እስከ ኋላ፣ ሸራው እስኪርገበገብ። ገመድ የሚለው ቃል ያነቀው ጉሮሮ ሁሉ በእኔ ሲሆን ተከፈተ። ጥሩአየሁ እዚያው ጎኔ ቆማ ጉሮሮዋን ሳትሳሳለት ተቀበለች። አልፈረድኩባቸውም፤ ሰብሳቢን የሚፈራ ሰው መልክ አውጪን አይፈራም። የውብዳር ይህን አውቃ ይሆን የጨመረችው እላለሁ አሁን። ሁለተኛ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ማስጠየቁ አይቀርም። ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ሰሌዳዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ አብሬያቸው ተቀበልኩ።

ድንኳን የተቀበለው ቃል መልስ አለው። እሑድ ስሜ ተጠርቶ እቆማለሁ። ከገመዱ እጀምራለሁ፣ ደፌ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበር እናገራለሁ፣ ደስ ብሎኝ እንደነበርም። የመጨረሻውን ለመናገር ነው የምፈራው። የውብዳር አታናግረኝም። ወደ ቧንቧው ብቻዋን ትሄዳለች፣ ድንጋዩን አልፋ፣ በመስኮቴ በኩል ስታልፍ ቀና አትልም። ትርፌ ዛሬም ወርዳለች።

ጋሽ መንበሩ ቅድም ሰው ላኩብኝ። ምልክቱን ያወጣሽው ለተዝካሩ ብቻ ነው አይደል ብለው አስጠየቁ፤ ነገ የሌላ ሰው ሣልስት አለ። ሰሌዳዬን ከፍቼ ለመልእክተኛው አሳየሁት። «ተቀበሉ፦ እይታ፦ ይታይ» ይላል። ከፊቱ ምንም የለም።

ለአንዴ አላልኩም። አሁን ግን ረስቼ አይደለም።